ለሚመጣ ሰው የሞቅሁት ጢስ

በሰቆጣ አንዲት ባለትዳር ሴት ወይባ ወይባ ከሸተተች ባሏ ቤት ገብቷል፣ ወይም ዛሬ ነገ ይገባል ማለት ነው። ይህን ማንም ቁጭ ብሎ አያስተምርም፤ አፍንጫ ያለው ሁሉ ያውቀዋል። ሙሽራ ጢስ ትሞቃለች። አራስ ትሞቃለች። ባሏ ከሩቅ አገር የሚመለስላት ሴት ትሞቃለች። ባሏ የሞተባት አትሞቅም። ባሏ ሄዶ የቀረባት ምን ታድርግ የሚለውን ግን የደነገገ የለም። እኔ ያቺ ነበርሁ፤ ስለዚህ ያለ ሕግ ኖርሁ።

ለማያውቀው ሰው ነገሩን ልንገር። ወይባ ወደ ቆላው ወረድ ሲሉ የሚገኝ ዛፍ ነው። ደረቅ ፍልጡ ፍም ላይ ሲጣል ከመንደድ ይልቅ ይጨሳል። ጓዳ ውስጥ ጠባብ ጉድጓድ ይቆፈራል፤ ታች ፍም ይደረጋል፤ ወይባው ይጨመርበታል። ሴትዮዋ ገላዋን ለጋ ቅቤ ተቀብታ በጉድጓዱ አፍ ላይ ባለው መቀመጫ ትቀመጥና እስከ አንገቷ በባና፣ በወፍራም የሱፍ ብርድ ልብስ፣ ትጠቀለላለች። ላቧ ይንቆረቆራል። ስትወጣ ቆዳዋ ለስልሶ፣ ወደ ቢጫ ያደላ የቀይ ዳማ መልክ ይዞ ነው፤ ቁርጥማቷም ይለቃታል። ሽታው ደግሞ ከገላ ጋር ይዋሃዳል፤ ለሳምንታት አይለቅም። ብቻዋን የምትሞቅ ሴት የለችም። ጢሱ ራሷን ሊያስታት ስለሚችል አጠገቧ ሆኖ የሚጠብቃት ሰው ያስፈልጋል።

የኔ ጠባቂ አማቴ ነበሩ።

ያገባሁት በሰማንያዎቹ መጨረሻ ላይ ነው። ባሌ ለእናቱ አንድ ነው፤ አባቱ ቀደም ብለው ሞተዋል። ዝምተኛ ሰው ነበር፤ ሲስቅ አፉን በእጁ ይሸፍናል። በሠርጋችን ሰሞን የእጄን አንጓ ይዞ ወደ አፍንጫው አስጠግቶ «ይህ ሳይለቅሽ የትም አልሄድ» ይለኝ ነበር። ሽታው ለቀቀኝ፤ እሱም ቆይቶ ሄደ። ልጅ እንኳ ሳንወልድ ለሰሊጥ አጨዳ ብሎ ሑመራ ወረደ። ከሑመራ ወደ ሱዳን፣ ከሱዳን በባሕር ወደ ሳውዲ ተሻገረ አሉን።

እኔና አማቴ ቀረን። በመጀመሪያዎቹ ወራት የምናወራው ስለ እሱ ብቻ ነበር፤ ሌላ የጋራ ነገር አልነበረንም። እኔ ጤና ጣቢያ በጽዳት ሥራ ተቀጥሬ ቀኑን ሙሉ በረኪና ውስጥ እውላለሁ። እጄ ተሰነጣጥቆ ያቃጥለኛል። አማቴ ልጃቸው ሑመራ ሳለ የላከውን ሰሊጥ ቆልተው፣ ወቅጠው፣ በውሃ ያፈሉትና ዘይቱን ከላይ እየገፈፉ በትንሽ ብርጭቆ ያኖሩታል። ከሥራ ስገባ ብርጭቆዋን ወደኔ ገፋ ያደርጋሉ፤ እኔ እቀባለሁ። አንድ ቀን ሰሊጡ አለቀ፤ ከሱ የመጣ ነገር ሁሉ ከቤታችን አለቀ።

አማቴ በቆላው የጽጽቃ በኩል ሰው ናቸው። አፋቸውን የፈቱት በአገውኛው፣ በኽምጣኛ ነው፤ አማርኛን በትዳር ነው ያገኙት፣ ሲናደዱ ወደ ድሮው ይመለሳሉ። በወንድማቸው መሬት ዳር አንዲት ወይባ አለች። ለሠርጌ የሞቅሁት ከሷ ነው። ባሌ በሄደ በዓመቱ ጎረቤታችን ወልዳ ነበርና ለአራሷ ወይባ ሊያመጡ ሲወርዱ ተከተልኋቸው። መጀመሪያ ዛፏን ዞረው ዞረው አዩዋት፤ የጠፋባቸው ነገር ያለ መስሎኝ ነበር። ከዚያ አንዷን ክንድ መረጡ። ክንድ ነው የሚሏት፤ ቅርንጫፍ ሲሉ ሰምቼ አላውቅም። ውሃ እንዳይተኛበት ሰያፍ አድርገው ቆረጡ፤ ቁስሉን በጭቃና በእበት መረጉት፤ በኽምጣኛ አንድ ነገር አጉተመተሙ።

«ምን አሏት?» አልኋቸው።

«ይቅር በይኝ ነዋ! ክንዷን ቆርጬ ደኅና ዋይ ልበላት?»

ሕጋቸው እንዲህ ነው፤ ከተቆረጠው ላይ ያቆጠቆጠው የእጅ አንጓ እስኪያክል ድረስ ሌላ ክንድ አይነካም። በዚያ ዘመን ወይባ ከግንዱ እየተገነደሰ በሸክም ገበያ ይወጣ ነበር፤ ቁልቁለቱ ተራቁቶ ነበር። ያን ሁሉ መንገድ ከመውረድ ከገበያ እንግዛ ብላቸው ፊታቸውን አዞሩብኝ። «ተገድሎ የመጣ ዛፍ ገላሽ ላይ ምን ሊሠራ?» አሉ። እኔ በሆዴ የተቆረጠ እንጨት ሁሉ ያው ነው ብያለሁ። ከእሳቸው ጋር ክርክር ግን አልገጥምም፤ ማን ያሸንፋቸዋል።

በሁለተኛው ዓመት ነሐሴ ሊገባ ሲል ከጅዳ ተይዞ የተመለሰ አንድ የከተማችን ሰው መጣና «ለሻደይ እደርሳለሁ ብሏችኋል» አለን። ሻደይ ልጃገረዶች ወገባቸው ላይ ለምለም ቅጠል አስረው የሚጨፍሩበት በዓላችን ነው፤ ከአገር የወጣ ሰው ለሻደይ ካልመጣ ለመቼ ይመጣል። አማቴ ጎንበስ ብለው ከአልጋቸው ሥር የታሰረ ደረቅ ወይባ ጎተቱ። ከአራሷ ድርሻ ቀንሰው ደብቀውት ኖሯል። ለካ ሳያወሩ ሲጠብቁት የኖሩት እንዲህ ተዘጋጅተው ነው።

ሞቅሁ። እሳቸው በርጩማቸውን ስበው ፊታቸውን ወደ በሩ አድርገው ተቀመጡ። ፍሙን የሚያስተካክሉት በእጃቸው ብቻ ነው፤ ዓይናቸው መንገዱ ላይ ነው። ውሻ በጮኸ ቁጥር ብድግ ይላሉ። እኔ ባናው ውስጥ ሆኜ ልቤ ይመታል፤ ከሙቀቱ ይሁን ከደስታው አላውቅም። ደስ ብሎኝ እንደነበር ግን አልክድም። ያን ቀን ስለ ቆዳዬ ሳስብ ዋልሁ፤ እንደ ገና አንጓዬን ሲያሸት ይታየኝ ነበር።

በነጋታው ወደ ሥራ ስወጣ ገና ከበራችን ሳልርቅ አንዷ ጎረቤታችን አፍንጫዋን ነፋ አድርጋ «እሰይ! እንኳን ደስ ያለሽ!» ብላ አቀፈችኝ። ቆይ እስክላት ወደ ቤቷ ሮጣለች። ጤና ጣቢያ አዋላጇ ነርስ በአጠገቤ ስታልፍ ፈገግ አለችብኝ። ከሥራ ስመለስ ቤቱ ሞልቷል። ጠላ ያመጣ አለ፤ ድፎ ዳቦ ያመጣ አለ፤ የነፍስ አባታችን ሳይቀሩ መስቀላቸውን ይዘው መደቡ ላይ ተሰይመዋል። ሁሉም ወደ ጓዳው ያያል።

«ታዲያ የታለ ልጁ?» አሉ የነፍስ አባታችን።

አማቴ ጠላ እየቀዱ ነበር። «መንገድ ላይ ነው አባቴ። ይጠጡልኝ» አሉ።

ሰዉ ጠጣ። ቀስ በቀስ ነገሩ ገባው፤ ጨዋታው ቀዘቀዘ፤ ግን ማንም አፍሮ አልተነሣም፤ ላልመጣ ሰው የመጣውን ዳቦ ቆርሶ በላ፣ መረቀና ሄደ። ደጎች ናቸው፤ ደግነታቸው ነው የገደለኝ። እኔ ጥግ ቆሜ እሸታለሁ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ሻደይ አለፈ። እሱ አልመጣም። ሽታው ግን አብሮኝ ሰነበተ። ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ከሴቶቹ ሁሉ ኋላ፣ ግንቡ ሥር እቆማለሁ፤ ሰው ዞር ሲል በኔ የዞረ ይመስለኛል። ገበያ መውጣት ተውሁ። አንድ ቅዳሜ ጓሮ ገብቼ በልብስ ሳሙናና በአሸዋ ገላዬን ስፈትግ አማቴ ደረሱብኝ። ክንዴ ደም ቋጥሯል።

«ተይ» አሉኝ፤ ጣሳውን ከእጄ ወስደው ውሃውን ደፉት። «ቆዳሽ ምን አጠፋ?»

ልጅዎ ነው ያጠፋው ልላቸው ነበር። ፊታቸውን አይቼ ነጠላዬን ለበስሁ።

ከዚያ በኋላ ባሌ ከላከው አንድ ነገር ብቻ ደረሰኝ። ከሳውዲ የተመለሰች ሴት በፌስታል ሽቶ ያለው ሳሙናና አንድ ቱቦ ቅባት አመጣችልኝ። ቱቦው ላይ ግማሽ ፊቷ ጠይም፣ ግማሽ ፊቷ ነጭ የሆነች ሴት ተስላለች። «ፊትሽን ተቀቢው ብሏል» አለችኝ። ሌላ ያለው ነገር የለም ወይ አልኋት። የለም። የመልእክተኛዋን ፊት አየሁት፤ ጉንጯ ነጥቶ የጣቶቿ መገጣጠሚያ ጠቁሯል። እንግዲህ በዚያ አገር ሆኖ ሲያስበኝ የሚያስበው ሌላ መልክ ነው ብዬ አዘንሁ። ግን ደግሞ አስቦኛል ብዬ ጠዋት ማታ ተቀባሁት። ብቻዋን የቀረች ሴት የማትቀባው ነገር የለም። መጀመሪያ ፊቴ ጠራ፤ ሰው «አማረብሽ» አለኝ። ቆይቶ የኛ ፀሐይ አገኘችኝ። ጉንጬ ቀላ፣ ተላጠ፣ ውሃ ሲነካው ያስጮኸኝ ጀመር።

አማቴ ከአጥር ሥር እሬት ቆረጡ። ቢጫው መራራ ውሃ ወርዶ እስኪያልቅ ዘቅዝቀው አቆሙት፤ ከዚያ ልጠው ውስጡ ያለውን የጠራ ዝልግልግ ነገር ፊቴ ላይ ለጠፉልኝ። ቁስሉ እስኪሽር በየቀኑ እንዲህ አደረጉ። ከእሬቱም ቢሆን ከታች ያሉትን የጠኑ ቅጠሎች ብቻ ነው የሚወስዱት፤ ልቡን አይነኩም። ቱቦውን ጓሮ ቀበሩት፤ ዶሮዎቹ እንዳይጭሩት ድንጋይ ጫኑበት። በልጃቸው ላይ ግን አንድ ክፉ ቃል አልወጣቸውም። «ወንድ ምን ያውቃል፤ ያሳዩትን ገዝቶ ነው» አሉኝ።

ዘጠናዎቹ ገቡ። አንድ ኅዳር ላይ ስልክ ቤት ትፈለጋላችሁ ተብለን እየሮጥን ሄድን። ራሱ ነበር። ድምፁ ሄድ መለስ ይላል። ለገና ትኬት እንደቆረጠ ለእናቱ ነገራቸው። ከዚያ እኔ ተቀበልሁ።

«አለሽ?» አለኝ።

«አለሁ» አልሁት።

መስመሩ ተቋረጠ። ከዚያ ወዲህ ድምፁን አልሰማሁም።

አማቴ በማግሥቱ ወደ ጽጽቃ ወረዱ። ሲመለሱ የተሸከሙት ወይባ እርጥብ ነው፤ ቅርፊቱ ገና ያዣል። በዚያው ዓመት ለአንዲት ሙሽራ ከዛፏ አንድ ክንድ ሰጥተው ነበር፤ ቁስሉ ገና እንዳልጠገገ ከአፋቸው ሰምቻለሁ።

«ሌላ ክንድ ቆረጡ?» አልኋቸው።

«ቆረጥሁ።»

«ገና ነው ሲሉ አልነበር?»

«ልጄ ነው የሚመጣ» አሉኝ።

እርጥብ ወይባ ጢሱ ይመራል። ዓይኔን አጠፋኝ፤ ሳል በሳል ሆንሁ፤ በቃኝ ብዬ ብድግ ስል እሳቸው ፊታቸውን በሩ ላይ እንደተከሉ «ትንሽ ታገሽ ልጄ» ይሉኛል። ገና አለፈ። ጥምቀት አለፈ። በዚህኛው ጊዜ ጎረቤት እንኳን ደስ ያለሽ ሊለኝ አልመጣም። ሁሉም አፍንጫ እንደሌለው ሆኖ አለፈኝ። ይህ ከመጀመሪያው የባሰ ነበር።

ክረምቱ ሲወጣ አማቴ ዛፏን አይተው መጡ። ምሳ አልቀመሱም። «በዚያ በኩል ደርቃለች» አሉና ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው አለቀሱ። ለልጃቸው ሲያለቅሱ አይቼ አላውቅም። ተናደድሁ። ለዛፍ ይህን ያህል ከታለቀሰ ለኔ ማን ያለቅስልኛል ብዬ ባልዲዬን አንሥቼ ወጣሁ። እስኪመሽ ድረስ የሌለ ልብስ ሳጥብ ቆየሁ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ዓመታት አንድ ዓይነት ናቸው። የተራቆተው ቁልቁለት ተከለለ፤ እንጨት መቁረጥም ከብት ማስገባትም ቀረ። ሞባይል ሰቆጣ ገባ፤ ሰው ሁሉ ጆሮው ላይ ለጥፎ መሄድ ጀመረ፤ ለእኛ የሚደውል የለም። ከሳውዲ የሚመለሰው የየራሱን ወሬ ይዞ ይመጣል። አንዱ ሪያድ አየሁት ይላል። አንዱ አግብቶ ወልዷል ይላል። አንዱ ስንጠይቀው አንገቱን ደፍቶ ዝም ይላል። አማቴ ሁሉንም በአንድ ጆሯቸው ሰምተው በሌላው ያፈሱታል። የጢሱን ጉድጓድ ይጠርጉታል፤ አፉን በሰፌድ ይከድኑታል። እራት ስንቀርብ እሱ ይቀመጥበት የነበረውን በኩል ሁለታችንም አንነካውም፤ እንጀራው ሁልጊዜ በዚያ በኩል ሙሉውን ይተርፋል። ሰው አጠገቤ ተቀምጦ እያለ እንደዚያ ብቻዬን ሆኜ አላውቅም።

እኔ ግን ተስፋ ቆርጫለሁ። ለጠየቀኝ ሁሉ የምለው ይህንኑ ነው፤ «እኔ እርሜን አውጥቻለሁ፤ የሚጠብቁት እሳቸው ናቸው።» የጤና ጣቢያው ዘበኛ ሚስቱ የሞተችበት ደኅና ሰው ነበር፤ እንጋባ አለኝ። አማቴን ማን ይጦራቸዋል ብዬ መለስሁት። ያልሁትን ራሴም አመንሁት። አንዳንዴ በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው መንገዱን ሲያዩ ብስጭት ይለኝ ነበር። እኚህ ሴትዮ ባይጠብቁት ኖሮ ኑሮዬን እኖር ነበር እላለሁ።

በአንድ ጥቅምት አማቴ ዘመድ ልጠይቅ ብለው ወደ ቆላ ወረዱ። ጉልበታቸው ደክሞ ነበር፤ የወንድማቸው ልጅ ናት ደግፋ የመለሰቻቸው። ልጂቱ በጀርባዋ ቀጭን የወይባ እስር አዝላለች፤ ተፈልጦ ሲደርቅ የከረመ ነው። ባየሁት ጊዜ ልቤ ዘለለ። ተስፋ የቆረጠች ሴት ልብ እንዲያ አይዘልም፤ የኔ ግን ዘለለ።

«ማን ደወለ?» አልኋቸው፤ ገና ሳይቀመጡ።

«ማንም።»

«ሰው መጣ? ያየው ሰው አለ?»

«ማንም አልመጣ ልጄ። ዛፏ በደረቀችበት በኩል አቆጥቁጣ ሸጋ ሆናለች። ኸደኅናው በኩል ጊዜው የደረሰ ክንድ ነበር፤ ባለፈው በጋ እሱን አስቆርጬ ኸወንድሜ ቤት አስቀምጬው ነው።»

«ታዲያ ለምንድን ነው?»

እጄን ያዙ። በረኪና የበላውን መዳፌን ወደ ብርሃኑ ገልብጠው አዩት። «ለእጅሽ ነው። ወገቤን ስትይም እሰማሻለሁ።»

«ሰው ምን ይላል እማማ? ባሏ መጣ ሊሉ አይደል?»

«ይበሉ። ገላው ያንች ነው።»

እሺም እምቢም ሳልል ገላዬን ተቀብቼ ተቀመጥሁ። አማቴ ባናውን አለበሱኝ። በርጩማቸውን አምጥተው ሁልጊዜ በሚያስቀምጡበት ቦታ አስቀመጡት። ትንሽ ቆመው አዩት። ከዚያ አዞሩት። ፊታቸውን ወደኔ፣ ጀርባቸውን ወደ በሩ አድርገው ተቀመጡ። ፍሙን እያዩ አስተካከሉ፤ የባናውን ጫፍ አንገቴ ሥር ሸጎጡልኝ፤ የግንባሬን ላብ በነጠላቸው ጠረጉልኝ። እንዲህ ተቀራርበን ፊት ለፊት ተያይተን አናውቅም ነበር። ምን ያህል እንዳረጁ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ውጭ ውሻ ጮኸ። አልተነሡም።

ያን ጊዜ ገባኝ። እሳቸው ጨርሰዋል። ልጃቸውን በልባቸው ቀብረው፣ እንባቸውንም የሆነ ቦታ አፍስሰው ነው ይህን ወይባ ያመጡልኝ። ያን ሁሉ ዓመት ተስፋ ቆርጫለሁ እያልሁ በኩራት ያወራሁት እሳቸው ስለሚጠብቁልኝ ነበር። አሁን የሚጠብቅልኝ የለም። እንባዬ ከላቤ ጋር ይወርድ ጀመር።

«ምነው ልጄ?» አሉኝ።

«ጢሱ ነው» አልሁ።

በደንብ የደረቀ ወይባ ዓይን አያቃጥልም፤ ይህን ከእሳቸው የበለጠ የሚያውቅ የለም። ዓይኔን ጠርገውልኝ ጎንበስ ብለው አንድ ፍልጥ ጨመሩ።

ውሻው እንደ ገና ጮኸ። በእሳቸው ትከሻ ላይ አሻግሬ በሩን አየሁ።